የጃዝና የነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ሸክላ እንዴት ይደመጣል? ሐሳብስ እንዴት ይጻፍበታል?

ስለ አንድ የጃዝ አልበም ሐሳባችንን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንናገረው ስለ አልበሙ ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው፤ «ደስ ይላል»፣ «ይረብሻል»፣ «አልገባኝም» ብለን እናልፋለን። እነዚህ ቃላት ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን አልበሙን ላልሰማ ሰው አንዳች ነገር አይነግሩትም፤ ጸሐፊው ራሱም ከስድስት ወር በኋላ ቢያነባቸው ስለ የትኛው ሙዚቃ እንደጻፋቸው ለማወቅ ይቸግረዋል። ችግሩ በነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ላይ፣ ማለትም ሙዚቀኞች አስቀድመው የተስማሙበት ዜማም ሆነ ምት ሳይኖር እዚያው እየተጫወቱ በሚፈጥሩት ሙዚቃ ላይ ይብሳል፤ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ የምናንጎራጉረው ነገር አይተርፈንምና።

ከዚህ በታች የምዘረዝረው አሠራር በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው፤ የሰሙትን አስቀድመው ይጻፉ፣ የተሰማዎትን ከዚያ በኋላ። ይህን ልማድ የያዝኩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ የሚኖር ሰው ማታ ጃዝ ሊሰማ መሀል ከተማ ቢወርድ ስለ መመለሻ ታክሲው ሲጨነቅ ሙዚቃውን ሳይሰማ ስለሚቀር፣ ምሽቶቼን ከአልበሞችና ከአንድ ባለ መስመር ደብተር ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ክፍሉን ማድመጥ

በከተማው ዳርቻ ጸጥታ አለ ይባላል፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም። ማለዳ ቅዳሴውና አዛኑ፣ ቀን የግንባታው ሲሚንቶ ማቡኪያ፣ ማታ ውሾቹ፣ ሌሊት ደግሞ አልፎ አልፎ ጅቡ አለ። ለዘፈን ይህ ብዙም አያውክም። ነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ግን አንዳንድ ጊዜ ከሹክሹክታ ባልበለጠ ድምፅ የሚሠራ በመሆኑ የአልበሙን ድምፅ ከሰፈሩ ድምፅ መለየት ከባድ ይሆናል። በ1965 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ኤኤምኤም የተባለ ቡድን ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በልዩ ልዩ ዕቃ የሚነካካ ኪዝ ሮው የሚባል ተጫዋች ያለበት፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ጉምጉምታ የሚወድ ቡድን ነው። በ1966 የቀዱትን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ ባደመጥኩበት ማታ ከሥር ስለሚሄደው የማያቋርጥ ድምፅ ግማሽ ገጽ ውዳሴ ጻፍኩ። በማግስቱ ስደግመው ያ ድምፅ የለም። ለካስ የጎረቤት ሕንፃ የውሃ ፓምፕ ኖሯል።

ስለዚህ ሙዚቃውን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡና ክፍሉ ውስጥ የሚሰሙትን ድምፅ ሁሉ በገጹ አናት ላይ ይመዝግቡ። ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ሁለት ነው። ያልነበረን ነገር ከማወደስ ያድንዎታል፤ ጆሮዎንም ከቀኑ ወሬ አውጥቶ ወደ ማድመጥ ያስገባዋል። በእኔ ሰፈር ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ የእርስዎን ሰፈር እርስዎ ያውቁታል።

ዕቃውን በተመለከተ ውድ ነገር አያስፈልግም። ሁለቱም ጆሮው በትክክል የሚሠራ ባለ ሽቦ ኤርፎን ይበቃል። ትንንሾቹ የብሉቱዝ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ስለሚያደባልቁ ለዚህ ሥራ አይመቹም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በስልክዎ ላይ ቤዝ የሚያጎላ ቅንብር ካለ ያጥፉት። መብራትና ኔትወርክ ባንድ ማታ ሊጠፉ ስለሚችሉ አልበሙን ቀድመው ያውርዱ፣ ፓወር ባንኩንም ይሙሉ። ማስታወሻውን በወረቀት ላይ ቢይዙ ይመረጣል፤ ስልክ ላይ የሚጻፍ ማስታወሻ መልእክት በመጣ ቁጥር ይቋረጣል።

ሁለተኛ፦ ምት ባለበት ሙዚቃ ጆሮን ማሠልጠን

ጀማሪ አድማጭ የሚሠራው ትልቁ ስህተት በቀጥታ ወደ ነፃው ሙዚቃ መግባት ነው። ሥርዓቱን ሳያውቁ ሥርዓቱ ሲጣስ መስማት አይቻልም። መነሻ የሚሆነው በ1959 መጋቢትና ሚያዝያ ውስጥ በሁለት ቀን የተቀዳው የትራምፔት ነፊው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው፤ ከእርሱም የመጀመሪያውን ሥራ «ሶ ዋት»ን ብቻ ይውሰዱ።

ዋናውን ዜማ የሚጫወተው የፖል ቻምበርስ ቤዝ ነው፤ ነፋሾቹ በሁለት አጫጭር ድምፅ ይመልሱለታል። አንድ ዙር 32 ባር (አንድ ባር እዚህ አራት ምት ነው) ሲሆን በስምንት በስምንት ባር ይከፈላል። ሁለቱ የመጀመሪያ ስምንቶች በአንድ ቅኝት ይሄዳሉ፣ ሦስተኛው ስምንት ያንኑ ቅኝት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ አራተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሥራዎ ያንን ከፍታ በእያንዳንዱ ዙር መያዝ ነው። አንድ ዙር 56 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ሰዓት እያዩ ራስዎን መፈተን ይችላሉ። የማይልስ ሶሎ፣ ማለትም ለብቻው ወጥቶ እዚያው የሚፈጥረው ጨዋታ፣ ከ1:30 ገደማ ይጀምራል፤ ጆን ኮልትሬን በ3:25 ገደማ፣ ካነንቦል አደርሊ በ5:15 ገደማ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስ በ7:05 ገደማ ይከተላሉ። ሦስቱ ነፋሾች እያንዳንዳቸው ሁለት ዙር ሲሄዱ ኤቫንስ አንድ ዙር ብቻ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የአልበሙን እትም መመዝገብ ለምን እንደሚጠቅም ልጨምር። የዚህ ሸክላ የመጀመሪያ ፊት የተቀዳበት ማሽን በዝግታ ይሽከረከር ስለነበር፣ ቴፑ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ከተጫወቱት በትንሹ ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማ ነበር፤ ስህተቱ የታረመው በ1992 እትም ነው። የእርስዎ ቅጂ ከእኔ ደቂቃ ጥቂት ሰከንድ ቢቀድም ጆሮዎን አይጠራጠሩ።

ይህን ልምምድ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይሰለቹ ቢያደርጉት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይቀልዎታል። በየካፌው ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ «ጃዝ» ብሎ የመጥራት ልማዳችንም በዚያው ይተውዎታል፤ ዙሩን መቁጠር የጀመረ ጆሮ ሶሎ እየተፈጠረ መሆኑንና የተጠና ዜማ እየተደገመ መሆኑን ይለያል።

ሦስተኛ፦ ከሽለላ ወደ አይለር

ወደ ነፃው ሙዚቃ ለመሻገር እኛ ከሌላው ዓለም አድማጭ የቀረበ ድልድይ አለን። ቀረርቶና ሽለላ በእጅ እያጨበጨቡ የሚቆጥሩት ምት የላቸውም፤ የሚለካቸው የሸላዩ እስትንፋስ ነው። ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚሰበር፣ የት ዝም እንደሚል የሚወሰነው በዚያው ቅጽበት ነው። ይህን ወደ ሳክስፎን ያመጡት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1972 በወጣው አልበማቸው ላይ፣ ዛሬ ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ እትም በ14ኛው ቁጥር በሚገኘው፣ ሽለላውን ሲነፉ ጆሮዎን ከቃና ይልቅ ለትንፋሽ ይስጡ፤ ሐረጉ የሚያልቀው ባሩ ሲያልቅ ሳይሆን ሰውየው ሲጨርሱ ነው። ከሥር ያለው አጃቢ ግን አይፈታም፤ እየደጋገመ ይይዛል። ስለዚህ ይህን አልበም «ፍሪ ጃዝ»፣ ማለትም አሜሪካኖች የጀመሩት ከተወሰነ ምትና ዙር የወጣ ጃዝ፣ ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም። ሽለላው ከአሜሪካኖቹ የተወሰደ አይደለምና ጥሪው ለጋሽ ጌታቸውም ክብር አይጨምርም።

ከዚያ በኋላ ወዲያውኑ የአልበርት አይለርን «ስፒሪቹዋል ዩኒቲ» ይክፈቱ። በሐምሌ 1964 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀዳ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ አጭር አልበም ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አይለር በቴነር ሳክስፎን፣ ጋሪ ፒኮክ በቤዝ፣ ሰኒ መሬይ በድራም። «ጎስትስ» የሚለው ሥራ በአልበሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ዜማው ሕፃናት ተያይዘው የሚዘምሩት ያህል ቀላል ነው። በሁለቱም ጊዜ ዜማው ሳይሰበር የሚቆይበትን ሰከንድ ይመዝግቡ፤ ከዚያ አይለር ከዜማው የወጣበትን፣ በመጨረሻም የተመለሰበትን። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ሲያዩ «ዝም ብሎ ይጮኻል» የሚለው ፍርድ በራሱ ይወድቃል፤ መነሻውና መድረሻው የታወቀ ጉዞ ነውና።

በሰፊ የድምፅ መርገብገብ አይለርና ጋሽ ጌታቸው ወንድማማች ይመስላሉ። የሚለያዩት በከበሮው ነው። መሬይ ምት አይዝም፤ ሲምባሉን እንደ ዝናብ ያወርደዋል። የኮንዶሚኒየም ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለሆነ በክረምት ይህን አልበም ያለ ኤርፎን መስማት ሞክሬ አውቃለሁ፤ አልመክርም።

አራተኛ፦ አንዱን ጆሮ መዝጋት

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ኦርኔት ኮልማን ታኅሣሥ 21 ቀን 1960 የቀዳው «ፍሪ ጃዝ» የሚባለው አልበም 37 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ የሚሄድ አንድ ሥራ ነው። የሚጫወቱት ሁለት ኳርቴቶች (አራት አራት ሰው ያለባቸው ቡድኖች) በአንድ ላይ ናቸው። በግራ ድምፅ ኮልማን ራሱ በአልቶ ሳክስፎን፣ ዶን ቼሪ በትንሿ ትራምፔት፣ ስኮት ላፋሮ በቤዝ፣ ቢሊ ሂጊንስ በድራም አሉ። በቀኝ ድምፅ ደግሞ ኤሪክ ዶልፊ በቤዝ ክላርኔት፣ ፍሬዲ ሃባርድ በትራምፔት፣ ቻርሊ ሄደን በቤዝ፣ ኤድ ብላክዌል በድራም ተሰልፈዋል። ስፒከሩ ግራና ቀኙን ሲያደባልቅ ይህ ሁሉ አሠራር ይጠፋል ያልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በሁለቱም ጆሮ፣ ያለ ብዕር፣ ከዳር እስከ ዳር ይስሙት። ሊደክምዎ ይችላል፤ ይድከምዎት። በሁለተኛው ማታ የቀኙን ኤርፎን አውልቀው የግራውን ኳርቴት ብቻ ይስሙ። በሦስተኛው የግራውን ያውልቁ። በዚህ ጊዜ ጩኸት የመሰለዎት ነገር በሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚካሄድ ጨዋታ መሆኑን ያገኙታል፤ የብላክዌል ከበሮ ክብና ዳንኪራ ያለበት ሲሆን የሂጊንስ ይበልጥ ፈጣንና ቀላል ነው። በአራተኛው ማታ ሁለቱንም መልሰው ያድርጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይቀመጡ፦ አንዱ ሶሎ ሲጫወት ሌላው ወገን መቼ ነው የሚገባበት? የሶሎው ተራ በቤዝ ክላርኔት ተጀምሮ፣ በሃባርድ፣ በኮልማንና በቼሪ አልፎ፣ ወደ ሁለቱ ቤዞች ከዚያም ወደ ሁለቱ ከበሮዎች ይሄዳል። በየመሀሉ የተጻፉ አጫጭር የጋራ ሐረጎች አሉ፤ እነርሱን እንደ ማዕዘን ድንጋይ ይጠቀሙባቸው።

ብዙ ድምፆች አንድ ላይ ሲሄዱ አንዱን ይዞ ሌላውን አለመልቀቅ ለአማርኛ ዘፈን አድማጭ አዲስ ነው፤ ዘፈናችን በአብዛኛው አንድ ዜማ ይዞ ይሄዳልና። ነገር ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ያሉት የዶርዜ ሸማኔዎች በመስቀል ሰሞን ሲዘፍኑ የሰማ ሰው፣ የተለያዩ ድምፆች እየተደራረቡ እንዴት አንድ ዘፈን እንደሚሆኑ ያውቃል። እኔ «ፍሪ ጃዝ»ን መከተል የቻልኩት ያንን ካስታወስኩ በኋላ ነው። መመሳሰሉን ግን ከዚህ በላይ አልጎትተውም፤ የዶርዜው ዘፈን እያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን የሚያውቅበት የኖረ ሥርዓት ነው፣ የኮልማኑ ግን ቦታውን እየፈለገ ነው።

አምስተኛ፦ ባር በሌለበት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምትም ዙርም የሌለበት አልበም ላይ የደቂቃ መዝገብ መያዝ ይቻላል፤ የሚመዘገበው ብቻ ይለያል። ማን ጀመረ? ማን መለሰለት፣ ወይስ ችላ አለው? ድምፁ የጠበበውና የሰፋው የትኛው ደቂቃ ላይ ነው? ዝም ያለው ማን ነው፣ ለምን ያህል ጊዜ? ከሁሉም በላይ ደግሞ አጨራረሱ እንዴት ነው? ተስማምተው አቆሙ ወይስ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ተከተሉት? በእኔ እምነት የነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ተጫዋቾች ችሎታ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ላይ ይታያል።

ይህን በሁለት ሰው ይጀምሩት። ኮልትሬን በሐምሌ 1967 ከማረፉ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ ከከበሮ መቺው ከራሺድ አሊ ጋር ብቻ የቀዳውና በ1974 የወጣው «ኢንተርስቴላር ስፔስ» ለዚህ የሚመች ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ማን ምን እንዳደረገ አይጠፋዎትም። ከዚያ ወደ ሦስት፣ ማለትም በ1970 ኢቫን ፓርከር በሳክስፎን፣ ዴሪክ ቤይሊ በጊታር፣ ሃን ቤኒንክ በከበሮ ሆነው ወደ ቀዱትና ኢንከስ የተባለው አሳታሚያቸው የመጀመሪያ ሥራ ወደሆነው ሸክላ ይለፉ። ስምንት ሰው የተጫወተበትን የጀርመናዊውን ሳክስፎን ነፊ የፒተር ብሮትስማንን «ማሽን ጋን» መጨረሻ ላይ ያቆዩት። በግንቦት 1968 ብሬመን ውስጥ የተቀዳ፣ የርዕሱ ሥራ 17 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ሰው ከሚያወራለት የበለጠ ሥርዓት ያለው አልበም ነው። ነፋሾቹ ተለያይተው ሲበታተኑና ተጠራርተው ሲገናኙ በደቂቃ መዝገብዎ ላይ በግልጽ ይወጣል።

የኮልትሬን «አሴንሽን» ለብቻው ይቀመጥ። በሰኔ 1965 አሥራ አንድ ሰዎች ሆነው ሁለት ጊዜ ቀድተውታል፤ ሁለቱም ቅጂ ዛሬ ይገኛል፣ እያንዳንዳቸውም 40 ደቂቃ የሚጠጉ ናቸው። በተለያየ ማታ ሁለቱን ሰምቶ ማነጻጸር ትልቅ ትምህርት ነው፤ የተቀየረው የተፈጠረ፣ ያልተቀየረው የተስማሙበት ነውና። ከአምስት ዓመት በፊት በ«ፍሪ ጃዝ» የተጫወተው ፍሬዲ ሃባርድ እዚህም አለ፤ እርሱን ብቻ ተከትሎ ከአንዱ አልበም ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። የእኔን አስተያየት ለመናገር ያህል፣ «አሴንሽን»ን አከብረዋለሁ እንጂ አልወደውም። አንድ ሶሎ ባለቀ ቁጥር ሁሉም አብረው መግባታቸው ከተደጋገመ በኋላ ይገመታል፤ መገመት ደግሞ የዚህ ዓይነት ሙዚቃ ዋና ጠላት ነው።

ስድስተኛ፦ መጻፍ

አሁን ከመዝገብ ወደ ሐሳብ እንለፍ። በመጀመሪያው አንቀጽ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው እትም እንደሰሙት ያስፍሩ። በሁለተኛው ከደቂቃ መዝገብዎ ሦስት ወይም አራት ነጥብ ብቻ መርጠው፣ ያልሰማ ሰው አልበሙን ከፍቶ ሊያገኘው በሚችለው መንገድ ይግለጹ። ፍርድዎን ከዚያ በኋላ ይስጡ፤ እያንዳንዱ ፍርድም ከላይ ከጻፉት አንድ ነጥብ ጋር የተያያዘ ይሁን። የተያያዘለት ነጥብ የሌለው ፍርድ ካገኙ ወይ ተመልሰው ይስሙ ወይ ይሰርዙት።

«ጥልቅ»፣ «ልዩ»፣ «መንፈስን የሚያድስ» የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ያቆዩአቸው። «የአይለር ሳክስፎን ነፍስን ይነካል» ከማለት «አይለር ዜማውን ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከተጫወተ በኋላ ድምፁን እስኪሰነጠቅ ድረስ ያወጣዋል፤ ቤዙ ግን አብሮት አይወጣም፣ ከሥር እየቆፈረ ይቀራል» ማለት ይሻላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስህተት ከሆነ ሌላ አድማጭ ሊያርመው ይችላል፤ የመጀመሪያውን ማንም ሊያርመው አይችልም።

አልበሙን አለመውደድ ነውር አይደለም። ሆኖም «አልወደድኩትም» ከማለትዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ አንዱን በሙሉ ጤንነትና በጠገበ ሆድ ይስሙት። ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ በሃይገር አውቶቡስ ቆመው እየመጡ የሰሙት አይቆጠርም።

ሰባተኛ፦ ከወር በኋላ መመለስ

ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ አልበም እንደገና ይስሙና ከቀድሞው ጽሑፍ ሥር፣ ቀኑን አስፍረው፣ አዲሱን ያክሉ። የቀድሞውን አይፋቁት፣ አያስተካክሉት። በእኔ ደብተር «ኢንተርስቴላር ስፔስ» ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ማስታወሻ «ሁለት ሰዎች የሚጣሉ ይመስላል፤ ከበሮው አያርፍም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ኮልትሬን ከሳክስፎኑ በፊት ትንንሽ ደወሎችን ያንቃጭላል፣ ሲጨርስም ወደ ደወሎቹ ይመለሳል፤ ከበሮው ምት አይቆጥርም፣ እንደ ማዕበል ይመጣና ይሄዳል፤ ‹ቬነስ› በሚለው ክፍል ላይ አሊ በብሩሽ ስለሚጫወት ሁሉም ይለዝባል፤ ጠብ አይደለም» ይላል። ከበሮው አያርፍም የሚለው አሁንም ትክክል ነው፤ ስለዚህ ቀይ ብዕር አንሥቼ ከእርሱ ሥር አሰመርኩበት፣ «የሚጣሉ» የሚለውን ግን እንዳለ ተውኩት።